የክፍል አምስት ባለተራ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ። የእኔን ያወጣው መልአክ ያን ቀን ቸኩሎ ነበር መሰለኝ፣ ትዕግሥት ብሎኝ ሄደ። እናቴ እስከ ዛሬ ስሜን ስትጠራ ሳቋ ይቀድማታል። ይህም ታሪክ ከዚሁ ከጠባዬ የመጣ ነው። ክፉ ሠርቼ ደግ ያገኘሁበት ስለሆነ ሳይረሳኝ ልጻፈው።

ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ተምሬ ከተመረቅኩ በኋላ ሥራ ስፈልግ ሁለት ዓመት ሄደ። በሦስተኛው ዓመት ሬድዋን ከሚባል የሰፈሬ ልጅ ጋር የስልክ ጨዋታ መሥራት ጀመርን። ሬድዋን ገበያው አጠገብ ስልክ የሚጠግንባት ጠባብ ሱቅ አለችው፤ ሥዕልም ይችላል። እሱ ይስላል፣ እኔ ፕሮግራሙን እጽፋለሁ። ጨዋታው «የብርቄ መንገድ» ይባላል። ብርቄ ዳማ የምትባል በቅሎዋን ይዛ ለንግድ ከይፋግ የወጣች፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ እናቷ ቤት የምትመለስ ሴት ናት። ተጫዋቹ መንገዱን ይመራታል፤ የጉናን ተራራ በውርጭ ያሻግራታል፣ ከሽፍታ ይደብቃታል፣ በቅሎዋን ሣር ያበላላታል፣ የርብ ወንዝ ሲሞላ መሻገሪያ ይፈልግላታል።

ሁሉን ሠርተን እስክንጨርስ የምንበላው ስላልነበረን ጨዋታውን በአምስት ክፍል ቆራርጠን ለመሸጥ ተስማማን። አንደኛውን እንሸጣለን፣ በእሱ ሁለተኛውን እንሠራለን። ገዢው በስልኩ ይከፍልና የሚስጥር ቁጥር ይላክለታል፤ ቁጥሩን አስገብቶ ክፍሉን ያወርዳል። ከገጠር የሚመጣው ደግሞ አገሩ ላይ ኢንተርኔቱ ደካማ ስለሆነ በገበያ ቀን ሬድዋን ሱቅ ቁጭ ብሎ ያወርዳል። ከተማው ሳቀብን። አንድ የድሮ አስተማሪዬ «ጨዋታን እንደ በርበሬ በማንኪያ?» አሉኝ። «ከጣመዎት ኪሎውን ይገዛሉ» አልኳቸው። አንድ ማንኪያ ገዝተው ቀሩ።

ክፍል አንድ ደህና ተሸጠ። ክፍል ሁለት የዚያን ግማሽ። ሦስተኛው ከዚያም አነሰ። ክፍል አራት በነሐሴ መጨረሻ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ ወጣና ገዢው በጣት የሚቆጠር ሆነ። ሬድዋን እንዲህ ባለ ጊዜ የሚያውቀው ተረት አንድ ብቻ ነው፦ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ የኛ ጫማ አለቀ» አልኩት።

ባሕር ዳር ያለው አጎቴ አንድ ባንክ ለሥራ ፈተና እንድቀመጥ አመቻችቶልኝ ነበር። ፈተናው ከመስቀል በኋላ ባለው ቅዳሜ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ማጥናት ያስፈልጋል። ስለዚህ ለሬድዋን ቁርጡን ነገርኩት። ክፍል አምስት አይሠራም።

«ብርቄስ?» አለኝ።

«ርብን ተሻግራለች፤ እዚያው ቁጭ ትበል።»

«አምስት ነው ብለን እኮ ነው ለሰዉ ቃል የገባን።»

«ለየትኛው ሰው?»

አንድ የተበላሸ ስልክ አንስቶ ብሎኑን መፍታት ጀመረ። ሬድዋን ሲከፋው እንደዚህ ነው።

በዚያው በተቃጠልኩበት ሳምንት የገዢዎቹን ዝርዝር ስመለከት አንድ ነገር አየሁ። አንድ ስልክ ክፍል አራትን ከፍቶ እየተጫወተ ነው። ያ ስልክ ግን አንድን፣ ሁለትን፣ ሦስትን ገዝቶ አያውቅም። ክፍል አራት ሦስቱን ላልጨረሰ ሰው አይከፈትም፤ መቆለፊያውን የሠራሁት እኔው ነኝ። አንዱ ብልጥ ቁልፌን ሰብሮ ገብቷል ማለት ነው።

«ሌባ!» ብዬ ስጮህ የሬድዋን ሻይ ተደፋ።

«ቆይ እንጂ፣ መጀመሪያ እንጠይቅ» አለ።

እኔ መጠየቅ የምወድ ሰው አይደለሁም። ስልኩን አገድኩት። ማገዱ አልበቃ ብሎኝ፣ ጨዋታውን በከፈተ ቁጥር የሚያነበው ጽሑፍ ጻፍኩለት፦ «የሰው ላብ መብላት ኃጢአት ነው። ሌባ!» ያን ማታ እራቴን በደንብ በላሁ።

ዘመን በተለወጠ በመጀመሪያው የገበያ ቀን፣ ሬድዋን ሱቅ ተቀምጬ የባንክ ፈተና መጽሐፍ ሳገላብጥ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ጃንጥላቸውን አጥፈው በር ላይ ቆሙ። ጫማቸው በጭቃ ተለውሷል።

«እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ። የብርቄ ቤት ይኸ ነው?»

«ነው እናቴ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ» አለ ሬድዋን ወንበሩን እየለቀቀ።

«አልቀመጥም። የተከሰሰ ሰው አይቀመጥም።»

ስማቸው እቴነሽ ነው። በእብናት መንገድ ሄደው ወደ ውስጥ ገባ ካለ ቀበሌ በሚኒባስ መምጣታቸውን ነገሩንና የነጠላቸውን ጫፍ ፈተው አንድ ስልክ አወጡ። ብርጭቆው የተሰነጠቀ፣ በላስቲክ የታሰረ ስልክ ነው።

«እስቲ ይህን አንብቢልኝ ልጄ። ባዩ የሚባል ማኅበርተኛችን አንብቦልን ነበር፤ መነጽሩን ረስቶ ስለነበር ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ነው።»

ከፈትኩት። የገዛ ጽሑፌ ፊቴ ላይ ወጣ።

«የሰው ላብ መብላት ኃጢአት ነው… ይላል» አልኩ።

«ሌባም ይላል ብሎናል ባዩ።»

«አዎ… ይላል።»

እትዬ እቴነሽ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስልኩ የማኅበርተኛዬ የዝናሽ ነው። ይኸ ከተነበበላት ወዲህ ዝናሽ ከቅጥሩ ውጪ ቆማ ነው የምታስቀድስ። የማንን ላብ እንደበላሁ ጠይቂልኝ ብላ ላከችኝ። በልተን ከሆነ እንክፈል። አልበላን ከሆነ ግን ስሟን መልሱላት።»

ሬድዋን አየኝ። እኔ ወለሉን አየሁ።

ከዚያ ከመቀነታቸው ትንሽ ሙዳይ ፈተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ነገሩን ከሥሩ ይነግሩን ጀመር። «እኛ አሥራ ሁለት ነን፤ የመድኃኔዓለም ማኅበርተኞች። አምና ፈንታሁን ይህን ጨዋታ ከገበያ ይዞ መጣ። እሱ ሲጫወት እኛ ቆመን ማየት ሆነ፤ ይኸ ነውር ነው። ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል። ክፍሉ አምስት ነው ሲባል ዕጣ ተጣጣልን። አንደኛው ለፈንታሁን፣ ሁለተኛው ለባዩ፣ ሦስተኛው ለይርጋ፣ አራተኛው ለዝናሽ ወጣ። መጨረሻው ለኔ። ባለተራው ክፍሉን በገዛ ስልኩ፣ በገዛ ገንዘቡ ይገዛል። እሑድ ከሰዓት ጠላና ዳቦ አቅርቦ ማኅበርተኛውን ይጠራል። ስልኩ ከእጅ እጅ ይዞራል፤ ብርቄን ሁላችንም እንመራታለን። ክፍሉ ሲያልቅ ባለቤቱ ይችን አውጥቶ ለሚቀጥለው ባለተራ ያስረክባል።»

ሙዳዩን ከፈቱት። በጥጥ የተጠቀለለች፣ ከጥፍር የማትበልጥ ሚሞሪ ካርድ ናት።

እጄን ራሴ ላይ ጫንኩ። ጨዋታው ተጫዋቹ የደረሰበትን ቦታ የሚያስቀምጠው በሚሞሪ ካርዱ ላይ ነው። ካርዷ ከይርጋ ስልክ ወጥታ ዝናሽ ስልክ ውስጥ ስትገባ፣ ጨዋታው ሦስቱ ክፍሎች ማለቃቸውን ከካርዷ አነበበና አራተኛውን ከፈተላቸው። ማንም ምንም አልሰበረም። የእኔ ዝርዝር የሚያውቀው ስልክ ነው፤ ማኅበር አያውቅም።

«እንደ ጽዋ ነዋ!» አለ ሬድዋን፤ ሙስሊሙ ከእኔ ቀድሞ ገባው።

እትዬ እቴነሽ ክው አሉ። «ጽዋስ አትበል ልጄ! የመድኃኔዓለምን ነገር ከጨዋታ ጋር አናደባልቅም። ተራ ነው ያልነው፤ ተራ!»

ከካርዷ ሥር አራት ብጫቂ ወረቀቶች ነበሩ። በእያንዳንዱ ላይ የተገዛበት ቀንና የተላከው የሚስጥር ቁጥር በተለያየ እጅ ተጽፏል። አንድ በአንድ ከዝርዝሬ ጋር አስተያየሁ። አራቱም ተከፍሎባቸዋል። እገዳውንም ጽሑፉንም እዚያው አነሳሁ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል የተባለው ለእኔ ነው፤ ያፈሰስኩት ግን የሰው ስም ነበር።

ተነስቼ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ እትዬ። ሳልጠይቅ ነው የጻፍኩት። ይቅር ይበሉኝ።»

ጉልበታቸውን ሳልነካ ያዝ አድርገው አነሱኝ። «እኔን ምን በድለሽ? ለዝናሽ ንገሪያት።»

በራሳቸው ስልክ ደውለው ሰጡኝ። «እትዬ ዝናሽ፣ ትዕግሥት እባላለሁ፤ ያን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የማንንም ላብ አልበሉም። ሐሰት ጽፌብዎታለሁ» አልኩ። እስክሰደብ ጠበቅኩ፤ ብሰደብ ይሻለኝ ነበር።

«እንግዲያው እሑድ ከቅጥሩ እገባለሁ?» አለ ቀጭን ድምፅ።

«ይገባሉ እንጂ።»

«ተመስገን።» ሌላ ቃል አልጨመሩም። ስልኩን ስመልስ አልቅሼ ነበር።

እትዬ እቴነሽ ያኔ ወንበሩን ስበው ተቀመጡ። ጭቃ የያዘ እግራቸውን ዘርግተው «እፎይ» አሉና ፊታቸው በራ። «በሉ፣ አራተኛውን ያ ጽሑፍ ሳይመጣ ጨርሰናል፤ አሁን የኔን ተራ አስጀምሩልኝ። ክፍል አምስት ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ይል ነበር የዝናሽ ስልክ። ጌሾ ወቅጫለሁ፣ ብቅልም አስፈጭቻለሁ።» ገንዘቡን አጣጥፈው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

ሬድዋን ወደ ጥገናው አቀረቀረ። መናገሩ ለእኔ ቀረ።

«እትዬ፣ ክፍል አምስት አይኖርም። ልተወው ነው። ሰው አልገዛውም።»

«ምን ያህል ሰው ገዛው?»

«በጣት የሚቆጠር።»

ጣታቸውን አወጡ፤ አመልካች ጣታቸውን። ለጥቂት ጊዜ ተመለከቱትና ወደ እኔ ዘረጉት። «ይኸ አንዱ ጣት እኛ ነን። አሥራ ሁለት ነን እኮ ልጄ።»

እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ወር ስልክ ስቆጥር ከርሜያለሁ። ከዝርዝሩ ጀርባ ስንት ጎጆ፣ ስንት መደብ፣ ስንት እጅ እንዳለ አንድም ቀን አላሰብኩም።

«አላስገድድሽም» አሉ ሲነሱ። «ጠላው እንደሆነ ይጠጣል። ግን ከርብ ማዶ ይፋግ ስንት ነው? እዚያ ድረስ መጥቶ ማን ይቀመጣል?» ጃንጥላቸውን ይዘው ወጡ። ገንዘቡን አልወሰዱም።

ሬድዋን ቀና አለ። ይህን ጊዜ ተረት አልተናገረም። «የእናቷን በር ምን ዓይነት አድርጌ ልሳለው?» ብቻ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ሳምንታት የጀግና አይደሉም። ፈራሁ። ጠዋት ጠዋት መጽሐፉን እከፍታለሁ፣ እኩለ ቀን ላይ ዘግቼው ኮምፒውተሩ ጋ እገኛለሁ። አንዳንድ ቀን እትዬ እቴነሽንም፣ ማኅበሩንም፣ በቅሎዋንም ረግሜያለሁ። መስቀል አለፈ። ቅዳሜ ለባሕር ዳር መኪና መሳፈር በነበረብኝ ሰዓት ብርቄን በይፋግ ገበያ መሐል አሳልፋት ነበር። አጎቴ ደወለ።

«የት ደረስሽ?»

«አልመጣም ጋሼ። የጀመርኩትን ልጨርስ።»

«ለጨዋታ?» አለኝ። ከዚያ ስልኩን ዘጋው፤ ደግሜ ብደውል አላነሳም። ዕድሜ ልኬን የሚቆጨኝን ነገር አሁን ሠራሁት ብዬ አሰብኩ።

ይባስ ብሎ ጊዜ አልበቃኝም። እሑድ ጠዋት ሁሉም አልቆ የመጨረሻዋ ቦታ ቀረች። ብርቄ የእናቷን በር ታንኳኳለች፣ በሩ ይከፈታል፣ እናትየዋ ትወጣለች። ትወጣና ዝም ትላለች። የምትናገረውን አልጻፍኩም፤ አስር ጊዜ ጽፌ አስር ጊዜ አጥፍቼዋለሁ። የሚናገርልኝ ድምፅም አልነበረኝም። እንደዚሁ እንዳለ ይዤው፣ ሬድዋንን አስከትዬ በእብናት መንገድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

እትዬ እቴነሽ ቤት አሥራ ሁለቱም ተሟልተው ጠበቁን። ጠላው ተቀድቶ፣ ድፎ ዳቦው ተቆርሶ ነበር። ሬድዋን እንደሚመጣ በስልክ ነግሬያቸው ስለነበር ለእሱ ብርዝ ተበጥብጦ ቆይቶታል። አንዲት ቀጭን ሴትዮ ከመደቡ ተነስተው ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝ። ዝናሽ ነኝ ሳይሉኝ አወቅኋቸው። ስለዚያ ጽሑፍ ማንም አላነሳም።

ካርዷ እትዬ እቴነሽ ስልክ ውስጥ ገባች፣ ይዤው የመጣሁት ክፍል አምስት ተጭኖ ተከፈተ፣ ስልኩ መዞር ጀመረ። ጨዋታ ሲጫወቱ ብዙ ሰው አይቻለሁ፤ እንደዚህ ያለ ግን አላየሁም። ሰባ ዓመት የሚሆናቸው አባ ይርጋ ብርቄን አቀበት ሲያወጧት ራሳቸው ያለከልካሉ። ባዩ መነጽሩን አውልቆ ያብሳል፣ መልሶ ያደርጋል። ፈንታሁን ቀኝ ሲል ሌላው ግራ ይላል። «ኧረ በቅሎዋን ውኃ አጠጧት፣ ግፍ አለው!» ይላሉ ዝናሽ። ስልኩ ሁሉንም ዞሮ በመጨረሻ ባለተራዋ እጅ ገባ። ብርቄ ይፋግ ደረሰች። በሩን አንኳኳች። በሩ ተከፈተ፣ እናትየዋ ወጣች፣ ቆመች።

ዝም።

ፊቴ ጋለ። «ይቅርታ፣ እዚህ ላይ አላለቀም… ጊዜ አጥሮኝ ድምፁን…»

የሰማኝ የለም። እትዬ እቴነሽ ስልኩን በሁለት እጃቸው ወደ ፊታቸው አስጠግተው ነበር። «እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ!» አሏት ብርቄን። «እንኳን ደህና መጣሽ፣ እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ!»

«በቅሎዋን ተቀበሏት እንጂ፣ ምን ትገትሯታላችሁ?» አሉ አባ ይርጋ። «ውኃ ለእግሯ!» አለ ባዩ። ዝናሽ እልልታቸውን አቀለጡት፤ ቤቱ ሙሉ ተቀበላቸው። ጨዋታው ያላለቀ መሆኑን ማንም አላወቀም። እናትየዋ ዝም ያለችው እነሱ እንዲናገሩላት ነው የመሰላቸው።

አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። ሬድዋንም ብርዙን አስቀምጦ ወደ ግድግዳው ዞረ። ያን ሁሉ ጊዜ ስጽፍ ሳጠፋ የፈለግኩት ቃል ይኸው ነበር። ስልኬን አውጥቼ «እባክዎ እትዬ፣ ያሉትን ይድገሙልኝ፤ ልቅዳው» አልኳቸው። ዛሬ ክፍል አምስትን የገዛ ሰው ሁሉ በዚያ በር ላይ የሚሰማው የእሳቸውን ድምፅ፣ የአባ ይርጋን ቁጣና የዝናሽን እልልታ ነው።

ደገሙልኝ። አንዴ ደገሙ፣ ሁለቴ ደገሙ፣ ሦስተኛውን ጀመሩ።

«ይበቃል እትዬ፣ ተቀድቷል» አልኳቸው።

«መንገደኛ አንዴ ብቻ እንኳን ደህና መጣሽ አይባልም» አሉና ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አኑረው ወደ እኔ ዞሩ። እንባዬን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉልኝ። «እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ።»

ለዚህ መልሱ አንድ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ስለው የኖርኩት፣ ምን ማለት እንደሆነ ግን ያን ቀን ብቻ የገባኝ። አሥራ ሁለቱንም አየኋቸው።

«እንኳን ደህና ቆያችሁኝ» አልኩ።